ብቻዬን በሰማይ ላይ

የእኔ ለፍላፊ፣

እልል በይልኝ! ዛሬ አውሮፕላን ብቻዬን አበረርኩ! እኔ፣ ልብስ ሰፊዋ ጓደኛሽ፣ በዚህ ዕድሜዬ!

ከአስተማሪዬ ጋር አንድ ዙር በርረን እንዳረፍን ሰውዬው ቀበቶውን ፈትቶ ዱብ አለ። «የሚቀጥለው ያንቺ ነው፤ ብቻሽን» አለኝ።

«ዛሬስ ይቅርብኝ፣ ጉልበቴን አሞኛል» አልኩት።

«አውሮፕላን በጉልበት አይበርም» ብሎ በሩን ዘጋብኝ!

ከመሬት ስነሳ ጮህኩ፤ ከዚያ ሳቅኩ፤ ከዚያ ማን ይሰማኛል ብዬ ዘፈንኩ። እኛ ሱቅ በር ላይ ቆመን አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር አንገታችንን እንደምናሰግገው፣ ዛሬ ታች ያሉት ሰዎች ሽቅብ የሚያዩት እኔን ነበር። ሳርፍ ሁለቴ ነጠርኩ፤ ግን አረፍኩ! አስተማሪዬን አቅፌ መሬት ልጥለው ምንም አልቀረኝም።

ልጆቹ ይደጉ፣ ሥራው ጋብ ይበል እያልኩ የፈራሁት ይህንን ነበር እንዴ? አንቺም የራስሽን ሱቅ ለመክፈት «ለከርሞ» ማለቱን ተይው፤ ስመጣ ሰበብ አልሰማም።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ልጆችሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። እማዬ «ልጄ እዚያ ምን ትሠራለች?» ካለችሽ እውነቱን ንገሪያት፤ ብቻ መጀመሪያ ወንበር ስጪያት።

ያንቺው በራሪ