ስለ ጠላቂው ሣጥን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ጓድ ወርቁ
የአውራጃው የዘመቻ ጉዞና ዕቃ አቅርቦት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ሚያዝያ ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተ ሰብዎን ጤና፣ እንዲሁም የጽሕፈት ቤትዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ተማሪዎቼንም ዜማ አስተምራለሁ። ሰዎች ደኅና ነዎት ወይ ሲሉኝ ደኅና ነኝ እላለሁ፤ ስለው ውሸት አይመስለኝም፣ እውነትም አይመስለኝም።

ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት ክቡርነትዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። ከጽሕፈት ቤትዎ ደጅ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው ስለምባል፣ በገበያው መግቢያ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብለጥፈው ሲያልፉ ያነቡታል ብዬ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ መንገደኛ በአጭሩ ላስረዳ። ልጄ ጥሩወርቅ ገብረኪዳን በመጋቢት ወር ጣናን ተሻግራ መሠረተ ትምህርት እንድታስተምር በጽሕፈት ቤትዎ ታዘዘች፤ ጽሕፈት ቤትዎ ባቀረበው ጀልባም ከጓደኞቿ ጋር ተሳፈረች። ጀልባው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ስለ ነበር በፎገራ በኩል ካለው ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ ተገለበጠ። ሌሎቹ የሚንሳፈፈውን ጥቁር ሰሌዳ ይዘው ቆይተው የዓሣ አጥማጆች ታንኳ ደረሰላቸው፤ ልጄን ግን ውኃው ወሰዳት። እናቷ ላቀች ሬሳዋን ሳላይ አላለቅስም፣ ዳስም አይጣልም ብላ እስከ ዛሬ ድረስ በየማታው የልጅቷን ራት ታስቀምጣለች። እኛ የምንለምነው ልጃችንን አውጥተን በደብራችን እንድንቀብር ብቻ ነው።

የአውራጃችን የገሳይ ተወላጅና የዘመዳችን ልጅ የሆነው በላይነህ በምጽዋ ባሕር ውስጥ እየጠለቀ የሚሠራ ባሕረኛ ነው። አለቆቹን አስፈቅዶ ከአስመራ እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን መጥቶ ሊፈልግልን ተስማማ። ዕቃው በጀርባ የሚታዘል የአየር ሲሊንደር፣ አየሩን ወደ አፍ የሚያደርስ ቱቦና ፊትን የሚሸፍን የመስተዋት መነጽር ነው፤ ያለ እነዚህ መጥለቅ አይቻልም። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

፩ኛ. ባሕረኛው በአስመራ ያለው ሣጥን ሁሉ ለጥይት ስለ ተያዘበት፣ ዕቃው በጉዞ እንዳይሰበር ለጽሕፈት ቤትዎ ቴሌግራም ላከ። ቴሌግራም ቃል አያበዛምና ጠንካራ ሣጥን፣ ውስጡ ጥጥ፣ ክዳኑ የሚገጥም፣ በአስቸኳይ ይዘጋጅ የሚል ብቻ ነበር። ሰው ከሞተበት ቤት ጋር በተያያዘ ሣጥን ሲባል ክቡርነትዎ ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? ለትምህርት ቤቱ ወንበር ከተጠየቀ ሁለት ዓመት ያለፈው ሆኖ ሳለ፣ የልጄ የሬሳ ሣጥን ግን በሳምንቱ ተሠርቶ፣ ውስጡ ጥጥ ተደልድሎ፣ ከውጭም ከሰልፍ የተረፈ ቀይ ጨርቅ ለብሶ ከደጄ ደረሰ። በእኛ ደብር ሰው በሰሌን ተጠቅልሎ ነው የሚቀበረው። ቢሆንም ክዳኑ በእውነት በደንብ ይገጥማል፤ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ።

፪ኛ. ቀጥለው ሣጥኑ ተዘጋጅቷል፣ ይምጡ ብለው ለባሕረኛው ስለ መለሱለት አመሰግናለሁ። እሱም ሣጥኑ በሚመጣው አውሮፕላን ይደርሰኛል ብሎ እስከ መጨረሻው ጠበቀ። አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል በእጁ የነበረው የስኳር ጆንያ ብቻ ስለ ነበር ሁሉንም በአንድ ላይ ከተተው። ጆንያ ያየ ሰው ሁሉ እህል ይመስለዋል፤ ሲጭኑት ወረወሩት፣ ከላዩ የሞተር ብረት ጫኑበት፣ ካወረዱትም በኋላ አንድ ሰው ደክሞት ተቀመጠበት። ባሕር ዳር ላይ ሲፈታ መነጽሩ ተሰባብሯል፣ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ የሲሊንደሩ መክፈቻ ተመትቶ አየሩ አልቋል። በላይነህ የመስተዋቱን ስባሪ ከጆንያው አራገፈ። እኔም ከመሬት ለቀምሁ።

፫ኛ. አየሩ ማለቁን ስናመለክት፣ አየር ደብረ ታቦር ላይ ሞልቶ የለም ወይ፣ ጎማ የሚነፋው ሰው ይሙላው የሚል ምክር ስለ ላኩልን እናመሰግናለን። ምክርዎን አክብረን ሲሊንደሩን ወደ ጎማ ነፊው ሙላቴ ወሰድነው። እሱም አገላብጦ አይቶ፣ ይህን የሚሞላ ኃይል መሣሪያዬ የለውም፣ ቢኖረውም ሰው የሚተነፍሰውን ነገር ለመንካት እፈራለሁ ብሎ መለሰልን። በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ የፈራ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

፬ኛ. በክቡርነትዎ ምክንያት፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የጠላቂ ዕቃ በአውሮፕላን ሲሄድ በምን ውስጥ መሆን እንዳለበት ተምሬያለሁ። በላይነህ እቤቴ በሰነበተበት ጊዜ ነግሮኛል፤ መነጽሩ ለብቻው በቆርቆሮ ዕቃ ይገባል፤ ቱቦው አይታጠፍም፣ ሰፋ ተደርጎ ይጠመጠማል እንጂ፤ ከባዱን ሲሊንደር መክፈቻውን በጨርቅ ሸፍነው ከታች ያስተኙታል፤ ጠላቂው የሚለብሰው የላስቲክ ልብስ በመካከል እየተጎዘጎዘ ያቅፋቸዋል፤ ሁሉም ጎኑ ጠንካራ በሆነ፣ ሲወረውሩት በማይታጠፍ ሣጥን ይዘጋል። እኛ የቆዳ ማኅደር ሳንሰፋለት መጽሐፍ ከቤት አናወጣምና ነገሩ አልከበደኝም። ያልገባኝ ይህን ሁሉ ማወቄ አሁን ለምን እንደሚጠቅመኝ ነው።

፭ኛ. ይህኛው ምስጋና የእርስዎ ሳይሆን የበላይነህ ነው፤ ከዚህ የገባው ሌላ ቦታ ስላጣሁለት ነው። ያለ መነጽር፣ ያለ አየር፣ በትንፋሹ ብቻ ገባ። የጣና ውኃ ድፍርስ ነው፤ ከክንድ በላይ አያሳይም። እየወጣ እየገባ ከአፍንጫው ደም ሲወርድ አይቼ በቃህ አልሁት። ከዳርቻው ተቀምጦ፣ ዕቃዬ ደኅና ቢሆን አወጣት ነበር፣ የኔታ፣ አለኝ። ያን ጊዜ ማልቀስ ይገባኝ ነበር፤ አላለቀስሁም፤ የሱን ጫማ አንሥቼ አቀበልሁት። ፈቃዱም አልቆ ወደ ምጽዋ ተመለሰ።

ክቡር ሆይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ፍለጋው በስኬት ተጠናቋል ብሎ ማስታወቁን ሰምቻለሁ። ያልተገኘ ነገር ፍለጋው እንዴት እንደሚጠናቀቅ አላውቅም፤ የተማርሁት ዜማ እንጂ አስተዳደር አይደለም። በላይነህ ዕቃውን ጠግኖ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሊመለስ ፈቃደኛ ነው፤ ወንዞቹ ጭቃቸውን ወደ ጣና ካወረዱ በኋላ ግን ማንም አያገኛትም። ስለዚህ አንድ ሣጥን ወደ አስመራ እንዲላክልን በትሕትና እለምናለሁ። ሣጥን ስል የዕቃ ሣጥን ማለቴ ነው።

የመሥሪያ ቤትዎ ትጋት ሳይጓደል፣ ስብሰባዎ ሳይቋረጥ፣ የሚሳፈሩባቸው ጀልባዎችም ሁሉ ጭነታቸው የቀለለ ሆኖ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የአገልግሎትዎ ተጠቃሚ
መሪጌታ ገብረኪዳን
የጥሩወርቅ አባት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ፣ የሬሳ ሣጥኑ ለሌላ ሰው ስለሚፈለግ እንዲመለስ የሚል የጽሕፈት ቤትዎ መልእክት ደርሶኛል። በደስታ እመልሳለሁ። ላቀች ከቤት ስላላስገባችው ከደጅ ያገኙታል። ተሸካሚ ብዙ ሰው ልከው እንዳይቸገሩ፤ ባዶ ስለ ሆነ አንድ ሰው ይበቃዋል።