ሽበቷን የተላጨችው ሰዓት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለትእዛዝ ሰጪው፤

ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው። ወንበር ሳብ፣ ሚስትህን አጠገብህ አስቀምጥ፣ ውኃም በብርጭቆ ይቅረብልህ። ከባድ መርዶ ላረዳህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ተስፋህ አርፏል። ነፍሱን ይማር።

ሰላምታ ሳይቀድም መርዶ ነውር ነውና እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ሰው የምታዝበት ጣትህ ደህና ነው? በሁለት ዓመት አንዴ የሚጽፈው እጅህስ አልዛገም? እኛ ደህና ነን። እኔ ያው ነኝ፤ ትምህርት ቤቱን በመስኮት የጨረስኩት ወንድምህ። አባባም ደህና ነው፤ ጆሮው ብቻ እንደ ድሮው ነው። ሠላሳ ዓመት የጠለቀበት ባሕር ከነማዕበሉ እዚያ ውስጥ ቀርቷል።

ያ ደብዳቤህ ሲደርስ አባባ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ጆሮው ሥር እየጮህኩ ስላነበብኩት ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ሰምቷል፤ ስለዚህ አልጻፍኩም ብትል ምስክር ሞልቷል። ስለ ጤናው አንድ መስመር፣ ስለ መጥለቂያ የእጅ ሰዓቱ ሁለት ገጽ። «ሐራጅ ላይ አውጡት፤ አባባ ከእንግዲህ አይጠልቅ፣ ምን ያደርግለታል?» አልክ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ለእኔ «አንተ ቀልደኛ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ሰው ሁንና እንደ መስታወት ተወልውሎ ይቅረብ፤ በቆሻሻ አታዋርደኝ» ብለሃል። ይህችን ቃል ያዝልኝ።

ምን እንደምታደርግለት ልንገርህ። መሥሪያ ቤቱ ሰዓቷን ለጠላቂዎቹ እንደ መፍቻ ሲያድል አባባ ገና ጎረምሳ ነበር። ከመርከብ ሆድ ሥር ገብቶ ብረት ሲበይድ፣ ዙሪያዋ ያለችውን ቀለበት አዙሮ አየሩ የሚያልቅበትን ደቂቃ ያይባት ነበር። ዛሬ ቀለበቷን የሚያዞረው ለሚቀቀል እንቁላል ነው፤ እስካሁን አንድም እንቁላል በአየር እጥረት አልሞተበትም። ድምጿን መስማት ስለማይችል ጠዋት ጠዋት መንጋጋው ላይ ያስጠጋታል። አጥንቱን ትክ ትክ ስታደርገው «አለች» ይላል፤ ከዚያ ነው ቀኑ የሚጀምረው። አንተ ሽጧት ስትል ግን ክፉ ቃል አልወጣውም። «ትልቁ ልጄ ካለ ምክንያት አለው» ብሎ ሸሚዙን ሊቀይር ገባ። የዚያን ዕለት አጠገቤ ብትኖር ኖሮ፣ ደብዳቤህን ከነፖስታው ነበር የማጎርስህ።

ሐራጅ ቤት ሄድን። ነጭ ጓንት ያጠለቀች ዋጋ ገማች ሰዓቷን እንደ አራስ ልጅ ታቀፈቻት። ጥቁር የነበረው ፊቷ ቡናማ ሆኗል፣ ቁጥሮቿ እንደ አሮጌ ጥርስ ወይበዋል፣ ጎኗን የመልሕቅ ሰንሰለት ቧጥጧታል። እኔ የተናቅን መስሎኝ «ታጥባ ትመጣለች» ብላት ሴትዮዋ ክው አለች። «በእርጥብ ጨርቅ እንኳ እንዳትነኳት። ሰብሳቢዎች የሚሻሙት ለዚህ ሽበቷ ነው፤ አዲስማ ሱቅ ሞልቶ የለ» አለችን። ወደ አባባም ዞራ ደገመችለት። አባባ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ያልሰማውን ሁሉ እንደሚነቀንቅ ታውቃለህ፤ አንተም ጥለኸን ስትሄድ ፈቃድ ያገኘኸው በዚሁ ንቅናቄ ነው። ፎቶ አንስተው መጽሔታቸው ላይ አወጧት። እስከ ዕለቱ እጄ ላይ ትቆይ ብሎ ስለለመናቸውም አስፈርመው መለሱለት።

ሐራጁ ሦስት ቀን ሲቀረው አባባ የጥርስ ሳሙና፣ የብርጭቆ ወረቀትና የእኔን ካናቴራ ቁራጭ ይዞ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። «ልጄ እንደ መስታወት ብሏል» አለኝና ፈተጋት። በማግስቱ መስታወቷን ፈልቅቆ ፊቷን ጥቁር ቀባት፤ ቁጥሮቿን በክብሪት እንጨት ጫፍ፣ በነጭ ቀለም፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ አንድ በአንድ አደመቃቸው። ልጁን ለእንግዳ የሚያለብስ ሰው ነው የሚመስለው። የጥርስ ሳሙናው ሲያልቅበት ሌላ የገዛሁለት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሏል። ተጫራቹ ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳውን ይዞ፣ መጽሔቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። ጨርቁ ሲገለጥ ሰዓቷ የቤቱን መብራት ሁሉ ሰብስባ አብረቀረቀች። ከፊት የተቀመጠ አንድ ቦርጫም ሰብሳቢ ፎቶዋንና እሷን እያስተያየ «ይህችማ ልጅቷ ናት፤ እናትየው ወዴት አለች?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ገማቿ በጓንቷ ፊቷን ሸፈነች። አጫራቹ ዋጋ ጠራ፣ ዝም። ዝቅ አደረገ፣ ዝም። በመጨረሻ አንድ ሰው እጁን ቢያነሣ ለካ ራሱን ሊያክ ኖሯል። ሰዓቷ መዶሻ ሳይመታላት ወደ ሳጥኗ ገባች። አባባ ሰው ሲስቅ አይቶ የተደነቀችለት መስሎት ለግራም ለቀኝም ራሱን እየነቀነቀ ያመሰግን ነበር።

ስንወጣ «ማን ወሰዳት?» አለኝ። ማንም እንዳልወሰዳት፣ ያጠፋትም መታጠቧ እንደሆነ መንገድ ላይ ጮኼ ነገርኩት። ቆመ። አውቶቡስ መጣና ሄደ፤ እሱ እንደ ቆመ ነው። «ልጄን አሳፈርኩት» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቷን መሳቢያ ውስጥ ከቷት፣ ጠዋት ጠዋትም መንጋጋውን በባዶ እጁ ያሻሽ ነበር።

አይጥ በበላ ዳዋ እንዳይመታ እውነቱን እወቀው። ሴትዮዋ ያለችውን እኔ ሰምቻለሁ። አንድ ጩኸት ቢበቃውም አፌን ቆልፌ ተቀመጥኩ። ያንተን ትእዛዝ ነው የፈጸምነው፤ እንደ መስታወት ብለሃል፣ ሰዓቷም ከመስታወት በልጣለች። ሰዓቷ እሱ ዘንድ እንድትቀር ፈልጌ ነበር፤ እሱን እንዲህ እንደሚሰብረው ግን አላሰብኩም። መቆጣት ካማረህ በእኔ ላይ ተቆጣ፣ ለምጄዋለሁ።

ለእሱ ግን አንዲት የወቀሳ ቃል ብትጽፍ ወንድሜ አይደለህም። ትናንት የውኃ ሒሳብ ወረቀቱን ይዤ «ከትልቁ ልጅህ ደብዳቤ መጣ» ብዬ ጮህኩለት። «ውድ አባቴ፣ እንደ መስታወት ማብራቷን ሰምቼ ኮራሁ፤ ከእንግዲህ አትሸጥ፣ እጅህ ላይ ትሁን» አልክ፤ ማለት እኔ አልኩልህ። «ትልቁ ልጄ ልቡ ለስላሳ ነው» አለ። እንዲህ ያለ ስም ሲወጣልህ የመጀመሪያህ ነውና አታስተባብል። ዛሬ ጠዋት መሳቢያውን ከፍቶ መንጋጋው ላይ አስጠጋትና «አለች» አለኝ።

ለሚስትህ፣ በአንተ ላይ ለምታሳየው ትዕግሥት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላም ብያለሁ። ለትልቁ ልጅህ ሰላምታ፤ መልኩን ካንተ ከወረሰ እጄን ከትከሻው ላይ አድርጌ አጽናንቼዋለሁ። ምላስ ለምታወጣው ትንሿ፣ አጎትሽ እንዳታስገቢያት ብሏል በላት። ለአማትህም ጤና ይስጥልኝ።

አንተም አትንገብገብ። መርዶ ብዬ አስቀመጥኩህ እንጂ፣ ነገሩ ሲመዘን አንዲት አሮጌ ሰዓት ታጠበች፤ ይኸው ነው።

ከአባባ በረንዳ፣ እንቁላሉ እስኪበስል፤
ሐራጁ በተበተነ በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት።