ግራ እጇን ስላወጣች የታገደች ተማሪ

ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ጥያቄ በመጠየቋ የታገደች የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከመዝገብ ከመሰረዟ በፊት እንድትመለስ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፣

ትምህርት ቤት ሊጎበኙ ገብተው፣ መምህሩ በጠየቀ ቁጥር የክፍሉ ልጅ በሙሉ እጁን ሲያወጣ «እውነት ይህ ሁሉ ልጅ መልሱን ያውቀዋል?» ብለው በልብዎ ሳይጠይቁ አልቀሩም። አያውቀውም። እኔው ራሴ ስላደረግኩት እንዴት እንደሚደረግ ላስረዳ።

1. አመልካች አምና ተመርቄ ዘንድሮ በሳይንስ መምህርነት የተመደብኩ ነኝ። ጥቅምት 30 ቀን ርእሰ መምህሩ «ነገ ሱፐርቫይዘር ይመጣል፤ ክፍሉን አዘጋጅ» አሉኝ። አዘገጃጀቱን ባልደረቦቼ አሳዩኝ፦ የነገው ትምህርት ዛሬ ይሰጣል፤ የገባው ቀኝ እጁን፣ ያልገባው ግራ እጁን ያወጣል፤ መምህሩ ቀኝ ያወጣውን ብቻ ይጠራል። ቅር እያለኝ እሺ አልኩ። ሁለት ጊዜ አለማመድኳቸው፤ ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ።

2. በማግስቱ ከጽሕፈት ቤትዎ የመጡት ሱፐርቫይዘር ከኋላ ተቀመጡ። «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ስል አርባ ስምንት እጅ ወጣ። እኔ ከመጥራቴ በፊት ግን እሳቸው «እስቲ አንቺ» ብለው መስኮት ሥር የተቀመጠች ልጅ አስነሡ። ያወጣችው ግራ እጇን ነበር። «መቶ ዲግሪ ነው ተብለናል፤ ግን አልገባኝም፤ ለዚያ ነው ግራዬን ያወጣሁት። ውሃ የሚተነው ሲፈላ ከሆነ የታጠበ ልብስ ሳይፈላ እንዴት ይደርቃል?» አለች።

ክቡር ሆይ፣ እኔ አራት ዓመት ኮሌጅ ስቀመጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ልመልስላት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን «ተቀመጪ!» አልኳት።

3. ከሰዓት በኋላ «የትምህርት ቤቱን ስም አጉድፋለች» ተብሎ በማኅደሯ ማስጠንቀቂያ ገባ፤ ወላጅ ይዛ እስክትመጣም ታገደች። እናቷ የሆቴል ልብስ አጣቢ ናቸው፤ ፈረቃቸውን ጥለው መምጣት አልቻሉም። ጭራሽ ልጅቷን አንሶላ እንድታጥፍ ይዘዋት ይገቡ ጀመር። ሄጄ ብለምናቸው «የኔ ልጅ፣ ጠይቃ የምትባረር ከሆነ እኔኑ ትጠይቀኝ። እዚህ ቢያንስ የሚቆጣት የለም» አሉኝ። ልጅቷ ከአንሶላው ክምር ኋላ ብቅ ብላ «ቲቸር፣ የልብሱን ነገር አገኙት?» አለችኝ። ቆሜ አስረዳኋት። «እሺ፣ በደመናማ ቀንስ?» አለች።

4. ዛሬ ከቀረች አሥራ ሁለተኛ የትምህርት ቀኗ ነው። በደንቡ አሥራ አምስት ቀን በተከታታይ የቀረ ተማሪ ስለሚሰረዝ ሐሙስ ስሟ ይወጣል። ክፍል ውስጥ ያሉትም ልጆች ቢሆኑ «ጥያቄ ያለው?» ስል አቀርቅረው ጠረጴዛቸውን ያያሉ። ባልደረቦቼ «አዲስ ስለሆንክ ነው፤ ይለቅሃል» ይሉኛል። እኔም የምሰጋው በእርግጥ እንዳይለቀኝ ነው።

ስለዚህ፦

ሀ) እግዱ ከሐሙስ በፊት ተነሥቶ ተማሪዋ ያለ ወላጅ መቅረብ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ፤

ለ) ያለማመድኳት እኔ በመሆኔ፣ በማኅደሯ የገባው ማስጠንቀቂያ ወጥቶ በእኔ ማኅደር እንዲገባ፤

ሐ) የቀኝና የግራ እጅ ልምምድ በሁሉም ክፍሎች እንዲቀር በደብዳቤ እንዲታዘዝ በአክብሮት አመለክታለሁ። ለነገሩ እውነትነት ሱፐርቫይዘሩን መጠየቅ ይቻላል።

መልስዎ እስከ ረቡዕ እንዲደርሰኝ እለምናለሁ። በስልክ ሳይሆን ማኅተም ባለበት ወረቀት ይሁንልኝ። እናቷ በቃል ብነግራቸው አያምኑኝም፤ እውነታቸውን ነው።

መልስዎን በጉጉት ከሚጠብቅ መምህር፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር