ጊደሬም ጋራው ላይ ነበረች

ሀብሩ፣ ከመርሳ በላይ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለረሂማ፣ ጭፍራ

አሰላሙ ዐለይኪ ረሂማ። አንቺም ልጆችሽም ደህና ናችሁ ወይ? የቆላው ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ከጉልበቴ ሕመም በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ መሪማ ሰላም ብላሻለች። «ከአንተ ሰላምታ በፊት የእኔን አስቀድም» ብላኝ ነበር፤ አላስቀደምኩም። በቤቱ እሷ ብታዝ በደብዳቤው ልዘዝበት ብዬ ነው።

ደብዳቤ የጻፍኩት ወድጄ አይደለም። ስልክ ስደውል «ማነው?» ትያለሽ፤ «እኔ ነኝ» ስል ትዘጊዋለሽ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በአራተኛው የሰው ስልክ ተውሼ ብደውል ገና ሳልናገር በትንፋሼ አውቀሽ ዘጋሽው። ወረቀት ግን ቢቀደድም አንድ ሁለት መስመሩ ታይቶ ነው የሚቀደደው። ቅደጂው፣ መብትሽ ነው። ብቻ መጨረሻውን አንብበሽ ቅደጂው።

በቅድሚያ የአገር ወሬ ልንገርሽ። ማሽላው ዘንድሮ ደህና ይዟል። ምንጩ፣ ያ ልጆች ሆነን ጠብታውን በቅል ስንጠብቅ የምንውልበት ምንጭ፣ አሁን እስከ ግንቦት አይነጥፍም። ጎርፉ ቆሟል። ቀጨሞ ጋራን ብታዪው አታውቂውም፤ ደደሆው፣ ክትክታው፣ አጋሙ ሁሉ ተመልሷል። በጦርነቱ ወራት ማገዶ ጠፍቶ ሰው አልጋውን ፈልጦ ሲያነድ እንኳ ጋራው ላይ መጥረቢያ ያነሳ የለም። ጅብም ተመልሷል፤ እሱስ እዚያው በቀረ። ባለፈው ሳምንት ሳር ታጭዶ እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ተሸክሞ ገባ።

ስለዚህ ጋራውን መከለላችን ስሕተት ነበር አልልሽም። ብል ውሸት ነው፣ አንቺም ውሸቴን ታውቂዋለሽ። እኔ የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ነው። የምታውቂውን ልድገምልሽ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። ደግሞ ልጅሽ ዙልፋ አድጋለች፤ እናቷ ለምን ከአገር እንደወጣች ከእኔው አንደበት ታንብበው።

በ2010 ክረምት ጎርፉ ከጋራው ድንጋይ አውርዶ የስድስት ሰው ማሽላ ቀበረ። የመረዳጃችን የቅሬው ዳኛ እኔ ነበርኩ። የግብርና ባለሙያዋ ፀዳለ፣ ያች የወልድያ ልጅ፣ «ጋራው ከከብት ቢከለል በአምስት ዓመት ያገግማል» አለችን። ሰባት ጁምዓ ሙሉ ተከራከርን። አንዱ «ከብቴን ምን ላበላ?» ይላል፣ አንዱ «ማሽላዬን ድንጋይ በላው» ይላል። በመጨረሻ ጋራው ውስጥ ከብት ያስገባ ከቅሬው ይውጣ ብለን ፋቲሃ ቀርተን ቃል ተጋባን። ዙልፋ፣ ከቅሬ መውጣት ማለት እሳት የሚጭርልሽ፣ ውሃ የሚያስቀዳሽ የለም፣ ቤትሽ ሰው ቢሞት ቀባሪ የለም ማለት ነው። በሕይወት እያሉ መሞት በይው።

በዓመቱ ግንቦት ላይ ዘበኛው ሙባረክ ፍየሎችሽን ጋራው ውስጥ አገኛቸው። ባልሽ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። መሬቱን የባልሽ ዘመዶች ወስደውታል፤ የቀሩሽ ሁለት ልጅና ዘጠኝ ፍየል ናቸው። በስብሰባው ላይ ቆመሽ «ፍየሎቼን የት ላድርሳቸው? ሰማይ ላይ ላሰማራቸው?» አልሽ። ሰው ሳቀ። እኔም «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ብዬ ተረትኩብሽ፤ የባሰ ሳቁ። ያን ተረት ከዚያ ወዲህ አፌ ላይ አላደረስኩትም።

ፀዳለ ግን አልሳቀችም። «ጋሽ ጀብሪል፣ ሕጉ መልካም ነው፤ የተሠራው ግን መሬት ላለው ሰው ነው» አለችኝ። «መሬት ያለው አገዳውን ለከብቱ ይሰጣል። እሷ ከጋራው ሌላ ምን አላት? ሳሩን እያጨደች ትውሰድ፣ ፍየሎቿን አስራ ትቀልብ።»

«አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፣ ነገ ትቀየሪያለሽ» አልኳት። «እኔ ግን እዚሁ እኖራለሁ። ዛሬ ለእኅቱ አዳላ ከተባልኩ ነገ ማን ይሰማኛል?»

ሽማግሌዎቹ «ማሻአላህ፣ ዳኛ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅሽም። የፀዳለን ምክር በተከታዩ ዓመት ሕግ አደረግነው። ይኸው አሁን አገሩ ሁሉ እያጨደ የሚቀልበው እሷ ላንቺ ብላ በተናገረችው ነው። ያኔ አንቺ የለሽም።

አሁን ደግሞ አንቺ፣ እኔና ሙባረክ ብቻ እናውቀው የነበረውን ልጻፈው። ፍየሎችሽ ከመያዛቸው አራት ቀን ቀደም ብሎ ሙባረክ ቀይዋን ጊደሬን ከጋራው እየነዳ አመጣልኝ። ማለዳ ነበር። ፈርቶኝ «ገመድ በጥሳ ይሆናል» አለኝ። እኔም «አዎ፣ በጥሳ ነው» አልኩት። ወላሂ ገመድ አልበጠሰችም። ድርቆሽ አልቆብኝ በገዛ እጄ ነው የለቀቅኋት። አንቺ ማድጋሽን ተሸክመሽ ከምንጩ ስትመለሺ መንገዱ ላይ ቆመሽ ሁሉን ሰማሽ። ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ሰላም ሳትይኝ አለፍሽ።

እናም በስብሰባው ከመፍረዴ በፊት እንደ ወጉ «የምትይው አለሽ?» ብዬ ጠየቅሁሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። አንዲት ቃል ብትናገሪ ዳኝነቴም ጋራውም ያን ቀን አብቅቶላቸው ነበር። አንቺ ግን «የለኝም» ብለሽ ሻሽሽን አስተካክለሽ ተቀመጥሽ። ሆድ ይፍጀው ብለሽ ነው። ያሳደገኝ ወንድሜ በሰው ፊት አይዋረድ ብለሽ ነው። ይህን እያወቅሁ ከቅሬው ትውጣ ብዬ ፈረድኩብሽ።

አንድ ወር ከአሥር ቀን ቻልሽው። አንድ ቀን ስነቃ ከቤትሽ ጭስ የለም። ልጆችሽንና ፍየሎችሽን ይዘሽ ወደ ጭፍራ ወርደሻል አሉኝ። ያን ቀን ከሰው ፊት «ሕግ ሕግ ነው» ብዬ ዋልኩ።

የእማን ነገርም ልጻፈው። በ2013 ስትታመም አልላክሁብሽም። ከቅሬው ስለወጣሽ ከሐዘንተኛ ጋር መቀመጥ አትችይም ብዬ ለመሪማ ነገርኳት፣ ለራሴም ነገርኩት። እውነቱ ግን መጥተሽ ፊቴን እንዳታዪው ነው የፈራሁት። የመጨረሻዋ ቀን «ረሂማ ገባች?» አለችኝ። «እየመጣች ነው፣ ውርጌሳ ደርሳለች» አልኳት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። በውሸት ነው የሸኘኋት።

ይህን ሁሉ ይዤ ኖሬ ነበር፣ ወደፊትም እኖር ነበር። ባለፈው ወር ግን ከወልድያ ተማሪዎች መጡ፤ የጋራውን ታሪክ ሊጽፉ። ናርዶስ የምትባል ልጅ ስልኳን አፌ ላይ ደቅና «አባባ፣ ሕዝቡን እንዴት አሳመኑት?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ወሬ አላጣም፤ ስለ መመካከር፣ ስለ ትዕግሥት፣ ለልጅ ልጅ ስለ ማሰብ አወራሁላት። በመጨረሻ ልጅቷ «በዚህ ሕግ የተጎዳ ሰው ነበር?» አለችኝ።

«ማንም» አልኳት።

መሪማ እርጎ ይዛ ቆማ ነበር። ጣሳውን መሬት አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ተማሪዎቹ ሲሄዱ መጣችና «ረሂማ ሰው አይደለችም?» አለችኝ። ያኔ ነው የጊደሯን ነገር መጀመሪያ የነገርኳት። ሠላሳ አራት ዓመት አብራኝ ስትኖር እንዲያ አይታኝ አታውቅም። «ለቅሬው ንገር» አለች፣ «ካልነገርክ እኔ እነግራለሁ።» መሪማን ታውቂያታለሽ፣ ካለች አለች ነው።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቅሬው ሲሰበሰብ በምርኩዜ ተነሥቼ ተናገርኩ። ጊደሯን፣ ገመዱን፣ ሙባረክን፣ ያንቺን ዝምታ፣ አንድም አላስቀረሁም። ከቅሬው ያስወጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እንዳትስቂብኝ እንጂ ክብሪት በብዛት ገዝቼ፣ ያሉንን ጄሪካኖች ሁሉ ውሃ ሞልቼ ነበር የሄድኩት።

ተናግሬ ጨረስኩ። ከዚያ አንዱ ሳቀ። «አንቱ ደግሞ፣ ለአንዲት ጊደር ይህን ያህል ዓመት ተጨነቁ?» አለኝ። ሌላው «ጋራውን ያዳኑልን አባታችን ነዎት፣ ምን እንላለን» አለ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ አውፍ ብለናል፣ ይቅር ብለናል አሉ። ገና ከቆምኩበት አልተቀመጥኩም ነበር። ሙባረክ ብቻ አቀርቅሮ መሬት ያያል። «ረሂማስ?» አልኳቸው። «የሷማ አለፈ። ከፈለገች ትምጣ፣ ማን ከለከላት?» አሉኝ።

ረሂማ፣ ቢቆጡኝ፣ ቢያባርሩኝ በስንት ጣዕሙ። አንቺን ከአገር ያስወጣ ጥፋት ለእኔ በአንድ ዱዓ አለቀ። ያን ቀን ነው በደሌ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ። ጥፋቱ ጋራ ውስጥ ከብት ማስገባት አልነበረም ማለት ነው፤ ጥፋትሽ ድሃና ሴት መሆንሽ ነበር፤ እኔም ስፈርድብሽ ይህን ሳላውቀው አልቀረሁም። ዳኝነቱን በማግሥቱ አስረከብኩ። ለናርዶስም ደውዬ «የተጎዳ ሰው አለ፣ ስሟን ጻፊው» አልኳት። ጽፌያለሁ ብላኛለች።

ነይ አልልሽም። «ከፈለገች ትምጣ» ያሉትን ቃል እኔ ልድገመው አልፈልግም። የበደለ ሰው ነው ተነሥቶ የሚሄደው።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ ብርሃኑ የሚባል የመርሳ ሹፌር ነው። ሁልጊዜ ቅዳሜ ሽንኩርት ጭኖ ጭፍራ ይወርዳል። እሱ ደጅሽ ሲቆም እኔ አስፋልቱ ዳር በቆመው አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጫለሁ። አንቺ ሳትፈቅጂ ከመኪናው አልወርድም። ጭነቱን እስኪያራግፍ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል ብሎኛል። ብትወጪ አውፍ በይኝ ብዬ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ፤ ታላቅነቴን ተይው። ባትወጪም አልቀየምሽም፤ ከብርሃኑ ጋር እመለሳለሁ። በሚመጣው ቅዳሜም ጭነት አለው፤ አብሬው እወርዳለሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜም እንዲሁ፣ አላህ ዕድሜ እስከሰጠኝ።

አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ፍየሎችሽን ያርባልሽ። ከእኔ ክፋት የሰወረሽ ጌታ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

የበደለሽ ወንድምሽ
ጀብሪል