ካርዱ ሳይገለበጥ ስለተነሱት ጠጠሮች

ለተከበራችሁ የጨዋታው ደንብ አብራሪዎች፤

ጤናችሁ እንደ ማብራሪያችሁ በየወሩ የማይለዋወጥ፣ እንቅልፋችሁም በተጫዋች ጥያቄ የማይረበሽ ይሁን እያልኩ በታላቅ አክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የብርጭቆ ዕቃ ነጋዴ ነኝ፤ እሑድ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ከታላቅ ወንድሜና ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው ጋር የእናንተን የካርድ ጨዋታ ከመጫወት የዘለለ ጥፋት የለብኝም። የዕለት ማስታወሻ ስለምጽፍ ቃላችሁን እንዳለ ይዤዋለሁ፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ።

አንደኛ፦ ደንባችሁ ተጫዋች ጠጠሩን ከአንዱ ካርዱ ወደ ሌላው ማዛወር እንደሚችል ይናገራል። ተጋጣሚ «ይዘጋ» ብሎ ካርድ ሲዘጋ ደግሞ ይገለበጥና በላዩ ያሉት ጠጠሮች ወደ ሳጥን ይገባሉ። «ይዘጋ» ከተባለ በኋላ፣ ካርዱ ሳይገለበጥ ጠጠር ማንሳት ይቻላል ወይ ብለን ብንጠይቅ፣ ይቻላል ብላችሁ በጽሑፍ መለሳችሁልን። እግዜር ይስጥልን። እኔም መደርደሪያዬ ሲያዘም ብርጭቆዎቹን አነሳለሁ እንጂ እስኪወድቅ ቆሜ አላይም። ወንድሜም ይህንኑ አደረገ፤ ሊዘጋበት ከነበረው ካርድ ጠጠሮቹን ጎኑ ወዳለው ሌላ ካርዱ አዛውሮ አሸነፈን። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛ፦ ብዙም ሳይቆይ ሐሳባችሁን ቀየራችሁ። መብታችሁ ነው። «ይዘጋ» ከተባለ ጠጠር መንካት ክልክል ነው አላችሁ፤ ያለፉ ጨዋታዎችም በዚሁ ይዳኛሉ ብላችሁ ጨመራችሁበት። ትናንት ለሸጥኩት ብርጭቆ ዛሬ ዋጋ ጨምሬ የደንበኛዬን በር ባንኳኳ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ እናንተን ደፍሮ እንደዚያ የሚላችሁ ስላልተገኘ ነው እኔ የምጽፈው። ልብስ ሰፊው ማብራሪያውን ከስልኩ አነበበና «ጋሼ፣ ለካ ያን ቀን የበሉን በስርቆት ነው!» ብሎ ቀለደ። ወንድሜ ግን አውቶቡስ በነዳበት ዘመን ሁሉ ተሳፋሪ የረሳውን ጃንጥላ እንኳ ባለቤቱን ፈልጎ ሲመልስ የኖረ ሰው ነው። ኮቱን አንስቶ «እንግዲህ ዕቃችሁን ቆልፉ» ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። ልብስ ሰፊው ደጁ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ቢጠይቀው፣ «አንተ ምን አደረግክ? ሌባ ያለኝ ደንቡ ነው» አለው። ወንድሜን ከቤት የሚያወጣው የእሑዱ ጨዋታ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ፦ ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ብጽፍላችሁ «ተጫዋቾች ተስማምተው ይፍቱት» የሚል አዲስ ማብራሪያ ላካችሁልኝ። ስለ ድካማችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ተስማምተን የምንፈታው ከሆነማ እናንተን ማን ፈልጎ!

የምለምነው አንድ መስመር ነው፦ ወንድሜ ያን ቀን፣ በዚያን ቀን ደንብ፣ ያደረገው ትክክል ነበር ብላችሁ ጻፉለት።

በማብራሪያችሁ ብዛት የጨዋታውን መልክ የረሳሁ፣ ስማችሁ በተነሳ ቁጥር ግን ከወንበሬ ብድግ የምል ታዛዥ ተጫዋቻችሁ፣
ከብርጭቆ ሱቁ

ማስታወሻ፦ በመመሪያችሁ መሠረት ልብስ ሰፊውና እኔ ቁጭ ብለን፣ ወንድሜ እንዳልሰረቀ በሙሉ ድምፅ ተስማማን። ውሳኔውን ስነግረው «እናንተማ ወዳጆቼ ናችሁ» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። እንግዲህ የሚያምነው ስለ እሱ ምንም ግድ የሌለውን ሰው ቃል ነውና፣ ከእናንተ የተሻለ አላገኘሁለትም።