ሳራ የምታውቀው ፓስወርድ

ውዴ ታደሰ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቴፒ እንደተውካት ናት፤ ዝናቡም ጭቃውም አለመኖርህን የሰሙ አይመስሉም። ልጃችን ቤቴል በቁመት ልትደርስብኝ ነው። ቁንዶ በርበሬህ እስከ አቮካዶው ዛፍ ጫፍ ወጥቷል፤ ማን ያውርደው?

እንድጽፍልህ ያደረገኝ ግን ኮምፒውተርህ ነው። ሰሞኑን ቀጭ ቀጭ ሲል ከርሞ ጸጥ አለ። ጠጋኙ «ዲስኩ ሞቷል» አለኝ፤ እግዜር ያጽናሽ እንኳ ሳይል። ጌጫ ደጋ ላይ በጭጋጉ ውስጥ ቤቴልን ትከሻህ ላይ አስቀምጠህ ስትዘፍንላት የቀረጽኩት ቪዲዮ እዚያ ውስጥ ነበር። ድምፅህ ሌላ የትም የለኝም።

ቅጂ እንዳለህ አውቃለሁ። በየእሑዱ ምሳው እየቀዘቀዘ ሊኑክስ የምትለውን ከነፋይሎቹ ወደዚያች ትንሽ ዲስክ ስትገለብጥ ሙሽራ ትመስል ነበር። ስትጨርስም እርጥበት እንዳይነካት በሹራብህ ጠቅልለህ ቁም ሣጥን ውስጥ ታስተኛታለህ። እኔን እንኳ እንዲህ ጠቅልለኸኝ አታውቅም። አሁን ብሰካት ፓስወርድ ጠየቀችኝ። የቤቴልን ስም ሞከርኩ። የሰርጋችንን ቀን ሞከርኩ። የእኔን ስም ሞከርኩ፤ ስህተት ነው አለችኝ።

ባልደረቦችህን ባጠያይቅ፣ ፓስወርዱን የምታውቀው ኮሌጅ አብራህ ታስተምር የነበረችው ሳራ ናት አሉኝ። ባስጠራት መጣች። «እትዬ ማርታ» አለችኝ፤ በሁለት ዓመት ብቻ ነው የምበልጣት። ፓስወርዱን ቁልፎቹን ሳታይ ጻፈችው። ሳታይ፣ ታደሰ!

ፋይሎቹ ወደ አዲሱ ዲስክ ሲመለሱ መብራት ሄደ፤ መጣ፤ ደግሞ ሄደ። ቤት የመጣ ሰው ሳይበላ አይውልም፤ ስለዚህ የቀናሁባትን ሴት ጎደሬ በወጥ ሳበላ ዋልኩ። ደግሞ አልተግደረደረችም።

«ጋሽ ታደሰ ይህን ጎደሬሽን ሁሌ ያወራልን ነበር» አለች።

ለእኔ አንድ ቀን ጣፈጠኝ ብለኸኛል?

«ፓስወርዱን ለምን ላንቺ ሰጠሽ?» አልኳት።

«ኮምፒውተሩን ከነጠረጴዛው እጥለዋለሁ ብለሽዋል አሉ።»

ብያለሁ። አሁንም እላለሁ።

አመሻሽ ላይ ቪዲዮው ተከፈተ። ዜማውን ስትስት ሰማሁህ። ሳራ ከእኔ ቀድማ አለቀሰች፤ ይህም አናደደኝ። ቢሆንም መሐረብ ሰጠኋት።

ከዚያ ፓስወርድ እንዴት እንደሚቀየር አሳይኝ አልኳት። አዲሱን ስጽፍ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርኳት። ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ፣ «እትዬ፣ ከረሳሽው እኔም አልከፍተውም፤ ማንም አይከፍተውም» አለች።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! የትም አልጻፍኩትም፤ ለማንም አልነግርም። ከእንግዲህ የሚያስታውስህ የእኔ ጭንቅላት ብቻ ነው። አትስጋ፣ አልረሳም።

ማርታ