ጉቦ የተባለው ጋቢ

ቡታጅራ፣ ጥር 2001 ዓ.ም.

አንተ! ስልኩ ሲጮህ ቁጥሬን አይተህ የምትተወው! አዎ፣ አንተን ነው። በሩን ዝጋና ቁጭ በል። ደብዳቤ እንደ ስልክ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ወንድምዬ፣ ከቁጣዬ በፊት ሰላምታዬ ይቅደም። ጤናህስ? ያ የጨጓራህ ነገር እንዴት ሆነ? አዲስ አበባ ብርዱ ከፍቷል ይላሉ፤ በሸሚዝ ብቻ እንዳትወጣ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ነው እንጂ ሌላ ምንም አትል። ጠዋት ስትጸልይ ያንተን ስም ታስቀድማለች። የኔን አንዳንዴ ትረሳዋለች፤ እኔም አሜን ብዬ ዝም ነው።

አሁን ወደ ነገሬ። የምትሠራበት የፈረንጅ ኩባንያ ከሴቶች ማኅበራችን በርበሬ ገዝቶ ባሕር ማዶ ሊልክ አስቦ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ያን ረጅም ፈረንጅ ይዘህ አሠራራችንን ልታሳየው መጣህ። አንተ አስተርጓሚ፣ እሱ ተቆጣጣሪ። ያን ቀን የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን ከኔ ዓይን አላየኸውም።

ሕግ ጠላች እንዳትለኝ ደግሞ። የኩባንያው ሰዎች እስኪመጡ በርበሬያችንን መሬት ላይ ነበር የምናሰጣው። ሻጋታ የነካው በርበሬ ሰው ያሳምማል፣ አገራቸው አይገባም ሲሉን ሸራ ገዛን፣ እርጥቡን ከደረቁ ለየን። ውሃ እየረጨ ሚዛን የሚያከብደው ሁሉ አፈረ። ብርቄ፣ ያቺ ጎረቤታችን፣ "የፈረንጅ ሆድ እንዲህ ከተከበረ የኛስ የጠላት ነው?" ብላ ለቤቷም ከደህናው ማስፈጨት ጀመረች። ደስ ብሎኝ ነበር። የማታውቀውን፣ መቼም የማታየውን ሰው ሆድ ማሰብ፣ ሕግ ማለት ይሄ ነው አልኩ።

ያን ቀን አሠራሩን አይታችሁ ስታበቁ እኛ ቤት ገባችሁ። እማዬ ቆጮውን፣ አይቡን፣ ጎመኑን አቀረበች። አንተ በሩ ላይ ቆመህ "እማ፣ ደንቡ አይፈቅድም፤ ከሻጭ ቤት ምንም አይቀመስም" አልክ። ከሻጭ ቤት! የተወለድክበት ቤት የሻጭ ቤት ሆነና አረፈው። እሷ "ታዲያ ይሄ ሕግ ነው ወይስ ጾም?" ብላ ሳቀች። እጇ ግን ሳህኑ ላይ ቀርቶ ነበር። እንግዳ ምንም ሳይቀምስ ከቤቷ ሲወጣ አይታ አታውቅማ! ጓዳ ገባችና ጋቢውን ይዛ ወጣች፣ ላንተ ሰርግ ብላ የፈተለችውን። ትከሻው አልደረስ ሲላት ሰውየው ራሱ እየሳቀ ጎንበስ አለላት። አለበሰችው። እጁን ያዘችና አንድ ነገር አለችው።

"ምን አለች?" ብሎ ጠየቀህ።

እዚህ ላይ ነው የኔና ያንተ ጸብ። "መረቀችህ" ብትለው ምን ይጎድልህ ነበር? አንተ ግን ቃል በቃል ነገርከው። "ልጄን አደራ፤ ከሥራው እንዳታስወጣብኝ፤ ክፉ እንዳይነካው እይልኝ" ትልሃለች አልከው። እንግሊዝኛ ባልማርም ከሬድዮ የለቀምኩት ይበቃኛል፤ ሰማሁህ። የሰውየው ሳቅ እዚያው ጠፋ። ጋቢውን ከትከሻው ሳያወርደው ወጣ፣ ግን እንደ ሰው ዕቃ ነበር የያዘው።

አውቃለሁ፣ መዋሸት አትችልም። እንዲህ አድርጋ ያሳደገችህ እሷው ናት፤ እኔም አግዣታለሁ። ለዚህ እኮ ነው ልጠላህ ብሞክር ብሞክር ያቃተኝ።

ብዙም አልቆየ፣ ጋቢው በፌስታል ታስሮ በአውቶቡስ ተመለሰ። ለማኅበሩም ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ። ሊቀመንበራችን እትዬ ዓለምዘውድ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት። ስጦታ ሰጥቶ ውለታ መጠየቅ በነሱ ሕግ ጉቦ ነው አለ፤ ዝም ካሉም ኩባንያው በአገሩ ይከሰሳል፤ የሰጠችው አባል ካልተሰናበተች ውሉ አይፈረምም፤ ስም ግን አልጠራም። ጉቦ የሚለው ቃል ሲወጣ ብርቄ "እነሱ ለያንዳንዳችን ኮፍያ ሲያድሉ ያስ ምን ነበር? እንዳታቃጥለን ለጸሐይ የሰጡት ጉቦ ነው?" ብላ ሰው አሳቀች። እትዬ ዓለምዘውድ አልሳቁም። "የዓመት ልፋታችን ጆንያ ውስጥ ነው፤ የሰጠችው ትነሳ" አሉ።

እማዬ በጉልበቷ ምክንያት አልመጣችም ነበር፤ ተመስገን! ማኅበሩን በየቤቱ እየዞረች፣ ባሎችን ሳይቀር እየለመነች ያቋቋመች ሴት፣ ስሟ ከጉቦ ጋር ሲጠራ ብትሰማ ያን ቀን ትሞትብን ነበር። ጋቢው ሲሰጥ ደግሞ ቤት ውስጥ የነበርነው እኛው ብቻ ነን፤ ሌላ ያየ የለም። ታዲያ ከሴቶቹ መሀል አንዷ ተነሳችና "እኔ ነኝ የሰጠሁት" አለች። ተሰናበተች። ውሉም ተፈረመ፣ በርበሬውም ተጫነ። ማን እንደሆነች አልነግርህም። ጋቢው ሲሰጥ አንተ ቤት ነበርክ፤ ሰጪዋ ማን እንዳልሆነች ታውቃለህ።

እኔ አሁን በርበሬዬን መናኸሪያው አጠገብ ለመንገደኛ በጣሳ እሸጣለሁ። አትዘን፣ ወሬ አይጠፋም፤ አፌን ታውቀው የለ! እማዬ "ለምን ከሴቶቹ ጋር አትሸጪም?" ስትለኝ "የመኪና ጩኸት ናፍቆኝ" አልኳት። አመነችኝ መሰለኝ። እንዳንተ አይደለሁም፣ እኔ ሲያስፈልግ እዋሻለሁ።

ጋቢው ለምን እንደተመለሰ አልነገርናትም። "ቁመቱ ያ ሁሉ፣ አጥሮት ነው" ብላ ራሷ ደመደመች። ይኸው ጥጥ አስገዝታኝ ትፈትላለች፣ ሸማኔው እንዲቀጥልለት። ዓይኗ ክሩን አያይላትም፤ በጣቷ ነው የምትፈልገው። አጠገቧ ተቀምጬ ሳያት ክርክሬ ሁሉ ይጠፋብኛል። ለልጇ ብላ ሰጥታለች፣ አልክድም፤ በነሱ ሚዛን ከተመዘነ እውነት አላቸው። ግን ልጇን ባዕድ ሰው እጅ ላይ አይታ የፈራች እናት በነሱ ሕግ ምን ትባላለች? ለእሷ የሚሆን አንቀጽ የላቸውም? ካላቸው ፈልግና ንገረኝ፤ የተማርከው አንተ ነህ።

በል እንግዲህ፣ የኔ አባት። ጌታ መግቢያ መውጫህን ይጠብቅ። በአለቆችህ ፊት ሞገስ ይስጥህ፤ እውነት የለመደ አፍህንም አይዝጋብህ። ሰርግህን ያሳየን። እራትህን ሳትበላ አትተኛ።

በወሩ መጨረሻ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ማኅበሩ ይሰበሰባል። ና። የማንንም ስም እንዳትጠራ። እንግዳው ጦሙን ከወጣበት ቤት የተሰጠ ጋቢ ጉቦ ነው ወይስ አይደለም? ነው ካልክ ነው በል፤ አይደለም ካልክ አይደለም በል። ግን በደብዳቤ አልፈልግም፣ በስልክም አልፈልግም። እዚያው አዳራሽ፣ ሴቶቹ ሁሉ ፊት ቁምና በራስህ አፍ መልስ!

አዝላ ያሳደገችህ
እህትህ